ገናን የሚያውቅ ማን ነው? (ስለ አንድ የራብ ዘመን ዘፈንና ስለ ጾመ ነቢያት ሦስት እሑዶች)

ጥያቄ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ያላወቀ ሰው ለማወቅ ሲል ይጠይቃል፤ ይህ የትሕትና ጥያቄ ነው። ዳኛ እውነቱን ለማውጣት ይጠይቃል፤ ይህ የፍርድ ጥያቄ ነው። ደግሞ ሌላው ሰው እንደማያውቅ አስቀድሞ በልቡ ቈርጦ፥ ጥያቄውን የአሳቡ መሸፈኛ የሚያደርግ አለ። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ የርኅራኄ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ለመመርመር ያስቸግራል። ስለዚህ ጥያቄ በቀረበልን ጊዜ ለመልሱ ከመቸኰላችን በፊት፥ ጠያቂው ማን ነው? የተጠየቀው ማን ነው? ጥያቄውስ ለማን ይገባ ነበር? ብለን ማሰብ ይገባናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ የአንድ ዘፈን ስም ነው። ዘፈኑ በኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተቀረጸ። የደረሱት ቦብ ጌልዶፍ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅና ሚጅ ዩር የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ናቸው። የዘፈኑትም በዚያ ዘመን ስማቸው የገነነ ብዙ ዘፋኞች «ባንድ ኤይድ» በሚል ስም ተሰብስበው ነው። የዘፈኑ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ማለት ነው። «ያውቃሉን» ተብሎ የተጠየቀላቸውም በራብ ላይ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው።

የዘፈኑ መነሻ የታወቀ ነው። ከዚያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በኮረም የነበረው ራብ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የተናገረው ማይክል በርክ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ፥ ሥዕሉን ያነሣውም መሐመድ አሚን የተባለ ኬንያዊ ነው። ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረች፥ ሌሊቷ ብርድ የሆነ የደጋ ከተማ ናት። በዚያ ሜዳ ላይ የተኛውን ሕዝብ ያየ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ከደነገጡትም አንዱ ጌልዶፍ ነበረ፤ ደንግጦም አልቀረም፥ ተነሥቶ የሚችለውን ሠራ። ዘፋኝ የሚችለው መዝፈን ነውና ዘፈነ።

ነቀፌታ ከመጀመራችን በፊት ውለታን መናገር ግዴታችን ነው። ዘፈኑ በአንድ ዓመት ውስጥ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሰብስቧል። በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ ለተደረገው ትልቅ የሙዚቃ ትርኢትም መንገድ ጠርጓል። በዚህ ገንዘብ እህል ተገዝቷል፥ መድኃኒት ተገዝቷል፥ በዚያም ከሞት የተረፈ ሕፃን ዛሬ የልጅ አባት ሆኖ ይሆናል። ያጐረሰን እጅ መንከስ የባለጌ ሥራ ነው። ስለዚህ የዘፈኑን ፍሬ ሳንክድ የዘፈኑን ቃል እንመርምር። ምጽዋት ምጽዋት ስለ ሆነ ከምስጋና ጋር ይቀበሉታል፤ ቃል ደግሞ ቃል ስለ ሆነ በሚዛን ይመዝኑታል።

በዘፈኑ ውስጥ የተሣለችው አገር ውሃ የራቃት ደረቅ ምድር ብቻ ናት። የዓባይ መነሻ የሆነች አገር፥ በወሎም በኩል ገበሬው በበልግና በመኸር ሁለት ጊዜ የሚያርስባት አገር፥ በዘፈኑ ውስጥ አትገኝም። ድርቅ ያገኛትን አገር ድርቅ ብቻ የሆነች አድርጎ መሣል፥ የታመመን ሰው ከተወለደ ጀምሮ ሬሳ ነበረ እንደማለት ያለ ነው። ደግሞ መከራው በራሱ ላይ ስላልወረደ ሰሚው አምላኩን እንዲያመሰግን የሚጠራ አነጋገር አለበት። ይህ አነጋገር ሰሚውን ለመገሠጽ የተነገረ ምሬት ነው ብለው የሚከላከሉለት አሉ፤ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን በወንጌል ወደ መቅደስ ገብቶ እንደ ሌላው ሰው ስላልሆነ ያመሰገነውን ፈሪሳዊ የሚያስታውስ ሰው፥ ይህን ምስጋና ሲሰማ ጆሮው ይደነግጣል። ዘፈኑ በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ኤቦላ በሽታ እንደ ገና ሲቀረጽ ይህ አነጋገር ተለውጧል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ገና መሆኑን ያውቃሉን? ይህን ጥያቄ የሰማ ኢትዮጵያዊ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ አለው። እኛ ክርስትናን በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኢዛና ዘመን የተቀበልን ነን፤ ከሮማ የተላከው አውጉስጢኖስ እንግሊዞችን ሊያስተምር ወደ ኬንት የገባው በ597 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንዴት ለእኛ ይህ ጥያቄ ይቀርባል? ይላል። ይልቁንም ራቡ የጸናበት የወሎ ክፍለ ሀገር ቅዱስ ላሊበላ የሚገኝበት ነበረ። በዚያ ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታ ልደትና የንጉሡ የላሊበላ ልደት በአንድነት ይከበራል፥ ካህናቱም ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ መቅደስ አፋፍ ላይ ቆመው ያሸበሽባሉ። ዘፋኞቹ ይህን አልጠየቁም፥ አልተነገራቸውምም።

ይህ መልስ እውነት ነው። ሙሉ መልስ ግን አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ በኮረምና በመቀሌ የተራበው ሕዝብ ክርስቲያን ብቻ አልነበረም፤ እስላምም ነበረበት። ለእስላሙ ወንድማችን ገና በዓሉ አይደለም፤ ራቡ ግን ራቡ ነበረ። እኛም «ገናን እናውቃለን» ብለን ስንኰራ እርሱን ከረሳን፥ ዘፈኑ የሠራውን ስሕተት ደግመን እንሠራለን። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ገናን ማወቅ ማለት ምን ማለት ነው? ቀኑን መቍጠር ከሆነ የግድግዳ ቀን መቍጠሪያም ያውቀዋል። ስለዚህ ለመመዘኛ የሚሆነንን ከራሳችን ቤት እናምጣ። እርሱም ጾመ ነቢያት ነው።

ብዙ ወጣት ጾመ ነቢያትን የሚያውቀው ሥጋና ቅቤ በመከልከሉ ብቻ ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በገና ይፈታል። ነቢያት የጌታን መምጣት በተስፋ የጠበቁበትን ዘመን ለማሰብ የሚጾም ስለ ሆነ በስማቸው ይጠራል። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት «አድቬንት» የሚሉት፥ ከገናቸው በፊት ያሉት የአራቱ እሑዶች ወራት፥ አሳቡ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ቃሉም በላቲን መምጣት ማለት ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በታኅሣሥ ወር ሦስት እሑዶች የየራሳቸው ስም አላቸው። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው የሚውለው እሑድ ስብከት ይባላል፤ ከ14 እስከ 20 ባለው የሚውለው ብርሃን ይባላል፤ ከ21 እስከ 27 ባለው የሚውለው ኖላዊ ይባላል፥ ይኸውም እረኛ ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. እነዚህ እሑዶች በታኅሣሥ 7፥ በ14 እና በ21 ዋሉ።

እንግዲህ የቀኑን ነገር ልብ በል። ኅዳር 16 ቀን እሑድ ነበረ። በለንደን ያሉ ዘፋኞች ኢትዮጵያውያን ገናን ያውቁ እንደ ሆነ ሲጠይቁ፥ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ገናን ለመቀበል መጾም ከጀመሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነበረ። የአውሮፓ ገና በዋለበት በታኅሣሥ 16 ቀንም፥ ዘፈኑ በየቤቱና በየመደብሩ ሲሰማ፥ እዚህ ብርሃን ከተከበረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበረ። አንዱ ሌላውን ሳይሰማው፥ ሁለት ዐይነት የገና ዋዜማ ጎን ለጎን አለፈ።

የሦስቱን እሑዶች ቅደም ተከተል የሠሩት አበው አሳባቸው ጥልቅ ነው። ተስፋ የሚጀምረው በስብከት ነው፥ ይኸውም እውነቱን በመናገር። ከዚያ ብርሃን ይመጣል፥ ይኸውም ማየት። ከዚያ እረኛ ይመጣል፥ ይኸውም ከበጎቹ ጋር የሚያድር ነው። ቅደም ተከተሉን ያፈረሰ ተስፋ አይጸናም። እውነት ያልተነገረበት ብርሃን ዐይንን ያደነግዛል፤ እረኛ የሌለበት ስብከትም ጩኸት ሆኖ ይቀራል። ዘፈኑንም፥ ራሳችንንም በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች እንመዝን።

የመጀመሪያው ሚዛን ስብከት ነው። ነቢያት መድኃኒት እንደሚመጣ ብቻ የተናገሩ የሚመስለው ሰው መጽሐፋቸውን አላነበበም። አሞጽ መስፈሪያውን አሳንሶ ዋጋውን የሚያበዛውን ነጋዴ ገሥጿል። ኢሳይያስ የድኻውን እርሻ ከእርሻው ጋር የሚያጋጥመውን ባለጠጋ ወቅሷል፤ በጾም ቀን ሠራተኛውን የሚያስጨንቀውን ሰው ጾምህ ጾም አይደለም ብሎታል። እነዚህ ሰዎች ሕዝባቸውን ስለ ወደዱ የሕዝባቸውን በደል ሸሽገው አላለፉም። የተስፋቸው ኀይል ከዚህ ነው፤ ቍስሉን ያልደበቀ ሐኪም ይድናል ሲል ይታመናል።

በዘፈኑ ውስጥ ግን በደለኛ የለም። ራቡ እንደ ደመና መጥቶ እንደ ደመና የቆመ ነገር ሆኖ ይታያል። የ1977 ራብ ግን ከሰማይ ብቻ የወረደ አልነበረም። ዝናም መቅረቱ እውነት ነው። ነገር ግን በሰሜን ጦርነት ነበረ፤ መንገዱም ገበያውም በጦርነቱ ተዘግቶ ነበረ። ገበሬው እህሉን መንግሥት በወሰነው ዋጋ እንዲሸጥ ይገደድ ነበረ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን እህል እንደሚያልቅ በ1976 ዓ.ም. አስቀድሞ አስታውቆ ነበረ፤ በውጭም በውስጥም የሰማው ጥቂት ነው። በመስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስና በሰልፍ ተከበረ፥ ትግላችን የተባለው ሐውልትም ተመረቀ፤ በዚያው ወራት በወሎና በትግራይ ሰው ይረግፍ ነበረ። በዚያ ራብ የሞተው ሰው ከ400,000 እስከ 1,000,000 እንደሚደርስ ይገመታል።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን የለንደን ዘፋኞች ብቻ አልቀለሉም። የራቡን ምክንያት አለመናገራቸው ባለማወቅ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን የሚያውቁ ሰዎች ዝም አሉ፤ አንዳንዱ ፈርቶ፥ አንዳንዱም ተመችቶት። ለጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚለው ተረት ለውጭ አገር ሰው የተተረተ አይደለም፤ ለራሳችን የተተረተ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ብርሃን ነው። መሐመድ አሚን ካሜራውን ተሸክሞ ኮረም ባይደርስ ኖሮ፥ ጨለማው ብዙ ጊዜ ይቈይ ነበረ። ይህ ሰው ስሙ እንደሚያመለክተው እስላም ነበረ፤ በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። ክርስቲያኑ ዓለም በገናው ዋዜማ ዐይኑ የተከፈተው በእስላም ሰው እጅ መሆኑን ማስታወስ ለትምክሕታችን መድኃኒት ነው። እግዚአብሔር መብራቱን ማን እንዲሸከምለት እንደሚመርጥ አይጠይቀንም።

ነገር ግን ማየት ሁለት ዐይነት ነው። ሥጋውን የሚያይ አለ፥ ሰውየውን የሚያይ አለ። የሬሳና የአጥንት ሥዕል ስናይ እንባችን ይመጣል፤ እንባውም መልካም ነው። ከእንባው በኋላ ግን፥ ይህ ሰው ስሙ ማን ነው? ምን ያርስ ነበር? በምን ቋንቋ ይጸልያል? በሬውን መቼ ሸጠ? ብለን ካልጠየቅን፥ ያየነው ራብን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። የዘፈኑ ትልቁ ጕድለት እዚህ ላይ ነው። ዘፈኑ ስለ «እነርሱ» ለ«እናንተ» ይናገራል፤ ወደ ተራቡት ዞሮ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አያነጋግራቸውም። የተራበው ሰው በዘፈኑ ውስጥ አፍ የለውም።

የነቢያት ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ነቢያት ስለ ጨለማ ሲናገሩ በጨለማው ውስጥ ቆመው ነው፤ ብርሃን ይላክልን ብለው ሲለምኑም ስለ ሌላ ሕዝብ አይለምኑም፥ ከሕዝባቸው ጋር ሆነው ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም በብርሃን እሑድ የሚቆመው ምእመን ስለ ሩቅ አገር ጨለማ አይዘምርም፤ በራሱ ቤት ስላለው ጨለማ ይለምናል። ስለዚህ በታኅሣሥ 14 ቀን 1977 ዓ.ም. ብርሃንን የለመነ የወሎ ገበሬ ቢኖር፥ እርሱ የተስፋ ባለቤት ነበረ። ገናን ማወቁን ለመጠየቅ የመጣው ሰው ተስፋን ከእርሱ ሊማር ይገባው ነበር።

በዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ራብ ቅድስና አይደለም። ጾምና ራብ በአንድ ሆድ ውስጥ ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። ጾም የሚበላው ያለው ሰው ፈቅዶ የሚተወው ነው፤ ራብ ግን ሳይፈቅዱ የሚጫኑት ቀንበር ነው። አበው ጾመ ነቢያትን ያደረጉበትን ወራት አስተውል። ኅዳር አጨዳ ነው፥ ታኅሣሥ ውቂያ ነው። ጾሙ የመጣው አውድማው በሞላበት ወራት ነው። ባለ ምርቱ እጁ እህል ውስጥ ገብቶ ሳለ አፉን እንዲገዛ፥ ከሰፈረውም ላይ ለሌለው እንዲያነሣ ነው። ዝናሙ በቀረበት ዓመት ግን ገበሬው እጅ ባዶ መሆኑን የሚያውቀው በዚሁ ወራት ነው። አውድማው ተለቅልቆ ነዶ አይገባበትም። እንግዲህ የተስፋ ወራትና የተስፋ መቍረጥ ወራት በአንድ ጊዜ ይመጡበታል። በባዶ አውድማ ዳር የቆመን ሰው «ጹም» ማለት ሳይሆን፥ ጹመህ ለእርሱ ማካፈል ነው የጾሙ ትእዛዝ።

ሦስተኛው ሚዛን ኖላዊ ነው። በዚህ እሑድ የሚታሰበው በዮሐንስ ወንጌል 10ኛው ምዕራፍ ያለው የመልካሙ እረኛ ትምህርት ነው። እረኛው በጎቹን በየስማቸው ይጠራል፤ ተኵላ ሲመጣ አይሸሽም። ቅጥረኛው ግን በጎቹ የእርሱ ስላይደሉ ይሸሻል። ልዩነቱ በፍቅር ንግግር አይታወቅም፤ ተኵላው ሲመጣ በሚቆመው እግር ይታወቃል።

ዘፈን እረኛ እንዲሆን አንጠይቀውም። ዘፈን ይዘፈናል፥ ያልፋል። ይህ ዘፈን ግን በ1989፥ በ2004 እና በ2014 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ተቀርጾ፥ አርባ ዓመት ያህል ሲመላለስ የቈየ ነው፤ በብሪታንያም እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ ከማንኛውም የነጠላ ዘፈን ይልቅ የተሸጠ እርሱ ነበረ። ስለዚህ ብዙ የአውሮፓ ልጅ ስለ አገራችን መጀመሪያ የሰማው ከእርሱ ነው። የተማረውም ኢትዮጵያ መጠበቅ እንጂ መሥራት የማትችል፥ እረኛዋ ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሆኑን ነው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ1977 በኮረምና በመቀሌ ከሕዝቡ ጋር ያደሩ እረኞች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ የውጭ ሰዎች ናቸው። ክሌር በርትሺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ በመቀሌ ብዙ ሕፃናት በተሰለፉበት ለጥቂቶቹ ብቻ የሚበቃ ምግብ ይዛ ስለ ነበር፥ የሚበላውንና የማይበላውን መምረጥ ግድ ሆኖባት ነበረ። የዚያ ምርጫ ሸክም ከየትኛውም ዘፈን ይከብዳል። ከእርስዋም ጋር ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ኢትዮጵያውያን ድሬሰሮች፥ ውሃ ቀጂዎች፥ መቃብር ቈፋሪዎች ነበሩ። ከዚያ በፊትም በክፉ ቀን፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ በነበረው ራብ፥ የከብት እልቂት በሬውን ፈጅቶ ማረሻ በቆመ ጊዜ፥ አፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው ራሳቸው መሬት ቈፍረዋል። የንጉሥ ዶማ የአገሩን መሬት ሁሉ አይቈፍርም። ነገር ግን ሕዝቡ መቈፈር ውርደት አለመሆኑን ከንጉሡ እጅ አየ። እረኝነት ይህ ነው፤ ቀድሞ ጐንበስ ማለት ነው።

እንግዲህ ተስፋ ምንድር ነው? ብዙ ሰው ተስፋን ከትንቢት ጋር ያምታታዋል፤ «ይህ ቀን ያልፋል» ማለት ተስፋ ይመስለዋል። ቀኑ ማለፉ አይቀርም፤ ቀን ለሁሉ ያልፋል። ተስፋ ቀኑ ሳያልፍ የሚሠራ ሥራ ነው። ነቢዩ ኤርምያስን ተመልከት። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ሳለች፥ እርሱም በእስር ቤት አደባባይ ተግዞ ሳለ፥ በዓናቶት ያለውን የዘመዱን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ምስክር አቁሞ ውሉን አስፈረመ፥ ብዙ ዘመን እንዲኖርም በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኖረው። ጠላት የያዘውን መሬት የሚገዛ ማን ነው? ገበያ የሚያውቅ ሰው ይስቅበታል። ኤርምያስ ግን ከተማይቱ እንደምትወድቅ ደጋግሞ የተናገረው እርሱ ራሱ ነው። ውድቀቱን አልካደም፤ ከውድቀቱ በኋላ ለሚመጣው ግን ብሩን መዘነ። ስብከቱ፥ ብርሃኑ፥ እረኝነቱም በዚያ በአንድ ውል ውስጥ አለ።

የእኛም ገበሬ ይህን ያውቃል። በራብ ዘመን የቤቱ የመጨረሻ ፈተና የዘር እህል ነው። ልጅ ሲያለቅስ ዘሩን ያልበላ ገበሬ ኤርምያስ ገዝቶ ያስቀመጠውን ውል በጎተራው አስቀምጧል። ዘሩን የበላውንም ማንም አይፍረድበት፤ የልጁን ለቅሶ እርሱ ብቻ ሰምቷል። ፍርድ የሚገባው ጎረቤቱ ዘር ሲበላ እያየ ጎተራውን የቈለፈ ሰው ነው።

ስለዚህ የለንደኑ ጥያቄ ከንቱ አልነበረም፤ አድራሻውን ሳተ እንጂ። በኮረም ሜዳ ለተኛው መጠየቅ አልነበረበትም። በመስከረም 1977 በአዲስ አበባ በድግስ ለተቀመጠው ይገባው ነበር። ጦርነቱን ከእህሉ ላስቀደመው ሁሉ ይገባው ነበር። በአውሮፓም እህል በየመጋዘኑ ተከማችቶ ሳለ፥ የኮሚሽኑን ልመና ሰምቶ ወራት ለቈየ መንግሥት ይገባው ነበር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በነበረው ጦርነትም ጾመ ነቢያት ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ፤ ያን ጊዜም ጥያቄው መልስ ሳያገኝ በየደጃችን ቆሞ ነበር። ጌታ በእንግዶች ማረፊያ ቦታ አጥቶ በከብቶች በረት መወለዱን የሚያምን ሰው፥ ቦታ ያጣ ሰው በደጁ ቆሞ ሳለ፥ ገና መሆኑን ያውቃልን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ስለ አገርህ በሐሰት ሲነገር ብትቈጣ አይፈረድብህም፤ ዘፈኑ ያልተናገረውን አንተ አንብበህ ተናገር፥ ጽፈህም አስረዳ። ይህ የስብከት ሥራ ነው። ቍጣህ ግን በቃል እንዳይቀር፥ በሚመጣው ኅዳር 15 ቀን ጾሙ ሲገባ ሁለት ነገር አድርግ። ከቤትህ ዙሪያ የሚበላው የሌለው ማን እንደ ሆነ በስሙ እወቅ፤ ስሙን ሳታውቅ እርዳታ አትስጥ። ከዚያም በጾሙ የተውኸውን ቍርስና ሥጋ ዋጋውን አስልተህ በየሳምንቱ ለይተህ አስቀምጥ፥ በኖላዊም እሑድ ራስህ ተሸክመህ አድርስለት። እስላም ቢሆን ክርስቲያን ብለህ አትምረጥ። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ገና መሆኑን ታውቅ እንደ ሆነ ሰው ቢጠይቅህ፥ ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ ከመናገርህ በፊት፥ ያን ሰው በልቶ እንዳደረ አረጋግጥ።